ከወንዙ ሥር የተናደው ጉድጓድ

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሬት በረት» በሉኝ።

አንዲት ደፋር ፍልፈል ነበረች። የኔታ የሚባሉ አሮጌ ፍልፈል ከኮረብታው ማዶ ሆነው፣ ምድሩን በጥርሳቸው እያንኳኩ ቁፋሮ ያስተምሩ ነበር። ተማሪዎቹም የየኔታን ፊት ሳያዩ በየጉድጓዳቸው ሆነው ይማራሉ፤ አንዱ ያንኳኳውን ሁሉም ይሰማል።

ይህችም ፍልፈል ተማሪያቸው ነበረች፤ አንድ ቀን ማንም ባልሞከረው መንገድ፣ ከወንዙ ሥር አድርጋ ወደ ማዶው የድንች ማሳ ቆፈረች። መሃል ላይ ስትደርስ ጣሪያው ተናደባት። አፈር እየዋጠች በስንት መከራ ወጣች።

የኔታ «ቁፋሮሽ ከምን ደረሰ?» ብለው አንኳኩ።

«ተናደብኝ ብል መሳቂያ እሆናለሁ፤ የኔታም ያባርሩኛል» ብላ አሰበችና እንዳልሰማ ሆና አፈሯን ታራግፍ ጀመር።

ወዲያው ከጎኗ የመቧጨር ድምፅ ሰማች። የእሷን ፈለግ የሚከተለው ጎረቤቷ ወደዚያው ወንዝ እየቆፈረ ነው። መሬቱን በጥርሷ ደበደበች።

«የኔታ፣ ተናደብኝ! ከወንዙ ሥር ያለው አሸዋ ነው! ወንድሜ፣ ተመለስ!»

ምድሩ ጓ ብሎ ተናወጠ፤ ከዚያ መቧጨሩ ቆመ። ሰምቶ ይሁን ተቀብሮ አላወቀችም። «ዘግይቼ ገደልኩት» ብላ አፈሩ ላይ ተደፋች።

ብዙ ቆይቶ ቀጭን ማንኳኳት መጣ። «እህቴ፣ ስሰማሽ ዞሬ ተረፍኩ። አሸዋው የሚጀምረው ከየት ነው?»

የኔታም ቀጠሉ፤ «ቀስ ብለሽ ንገሪው። ሁላችንም እየሰማን ነው።»

ተረቴን መልሱ፣ የአፌን አፈር አብሱ።