ጥፍሯን የሰበሰበችው ስክሪን

ተረቴ መጣች በእግሯ፤ በሩን ክፈቱላት፣ ወንበር ሳቡላት።

«ያለኝን ሁሉ ካላሳየሁ፣ እንዳለኝ ማን ያውቅልኛል?» ይህን ጥያቄ እመት ስክሪን መጋዘን ውስጥ በቆየችባቸው ዓመታት ሁሉ በሆዷ ይዛው ኖራለች።

በዱሮ ጊዜ ነው፤ ያውም ኮምፒውተር ከመጣ በኋላ ባለው ዱሮ። እመት ስክሪን ሰፊ የኮምፒውተር ስክሪን ነበረች። ፊቷ ላይ የሚበሩት ነጥቦች ከአንድ ቁና ጤፍ ይበዛሉ። አንድ ቀን ማሕደር የምትባል ልጅ ገዛቻትና ለእናቷ ለወይዘሮ ይርገዱ አመጣችላቸው። ወይዘሮ ይርገዱ ገበያ ዳር ባለች ጠባብ ሱቅ የሠርግ ጥሪ ካርድ ይጽፋሉ፤ ዓይናቸው ደከም ብሏል።

«እማዬ፣ ሞክሪያት። እስከ ቅዳሜ ካልተስማማችሽ እመልሳታለሁ» አለችና ማሕደር ካርቶኑን ከበሩ ኋላ አስቀምጣ ሄደች።

ጠረጴዛው ሥር ደግሞ ቦታውን የተነጠቀው ትንሹ ስክሪን፣ አያ አሮጌ፣ አኩርፎ ተቀምጧል።

«ስሚኝ እህቴ» አላት። «ያለሽን ሁሉ አሳዪ። ከሙሉ ልክሽ ዝቅ ያልሽ ቀን ተዋረድሽ!» ልቡ ግን «ትባረርና ቦታዬን አገኛለሁ» ይል ነበር።

እመት ስክሪን ያላትን ሁሉ አሳየች። ነጥቦቿ በሙሉ በሩ፤ ፊደሎቹ ግን አነሱ፣ አነሱና ደቀቁ።

«በስመ አብ! ይህ ፊደል ነው ወይስ ጉንዳን?» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ፣ አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ቀርበው። አያ አሮጌ ከሥር ሳቀ።

በማግስቱ ወይዘሮ ይርገዱ ኮምፒውተሩን አዘዙና ልኳን፣ የምታሳየውን የነጥብ ብዛት፣ ጥቂት ዝቅ አደረጉ። ፊደሉ ተለቅ አለ፤ ተለቅ ብሎ ደበዘዘ። ለካ ኮምፒውተሩ የሚልከው አንድ ነጥብ ለእመት ስክሪን አንድ ተኩል ሆኖባታል፤ የሷ ነጥብ ደግሞ አይገመስም።

«ግማሹን አንቺ ያዢ!»

«ለምን እኔ? አንቺ ያዢ!»

ነጥቦቿ እንዲህ ሲጣሉ የሙሽራዋ ስም ጭጋግ ውስጥ ገባ። ወይዘሮ ይርገዱ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ወለወሉ፤ አሁንም ጭጋግ ነው።

«አላልኩሽም?» አለ አያ አሮጌ። «ዝቅ ማለት መጨረሻው ይኸው ነው!»

በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ፣ ወይዘሮ ይርገዱ በረጅሙ ተነፈሱና «እስቲ በወርድም በቁመትም ቁርጥ ግማሽ ላድርግሽ። ይህም ካልሆነ ነገ መሄድሽ ነው» አሏት።

እመት ስክሪን ደነገጠች። ጥቂት ወርዳ እንዲያ ከሆነች፣ ግማሽ ብትወርድ ምን ልትሆን ነው? «አልወርድም!» ብላ ፊቷን አጠቆረች።

እሜቴ ድመት ኮምፒውተሩ ላይ ተኝታ ሆዷን ታሞቅ ነበር። አንድ ዓይኗን ገለጠች።

«ምነው ጠቆርሽ?»

«ያለኝን ደብቂ አሉኝ!»

«እኔ ከሰው ጋር ስጫወት ጥፍሬን እሰበስባለሁ። ታዲያ "ጥፍር የላትም" ብላ አይጥ ትሞክረኝ እንዴ?»

«ትናንትስ መደብዘዜ?»

«ትናንት አንድ ተኩል ነበር። ግማሽ ስትሆኚ ግን አንዱ ነጥብ ሁለት በወርድ፣ ሁለት በቁመት ይሆናል። ተኩል የለው፣ ጠብ የለው። ኮምፒውተሩ ላይ ስተኛ ሒሳቡን እሰማለሁ፤ ቁጠሪያ!»

እመት ስክሪን ቆጠረች። ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች፣ ቃሬዛ እንደሚሸከሙ ሰዎች አራት ሆነው አንዱን አነሱት። ማንም ከማንም አልተጣላም። ፊደሎቹ ተለቅ ብለው፣ እግራቸው ከእግራቸው ተለይቶ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እሰይ! እሰይ የኔ ጌጥ!» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ፤ ወደ ኋላ ተደገፉ። በዚያ ሳምንት ጀርባቸው ወንበሩን ሲነካ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ቅዳሜ ማሕደር ካርቶኑን ልታወጣ ጎንበስ አለችና ጮኸች፤ «እማዬ! ካርቶኑ ተይዟል!»

እሜቴ ድመት ውስጡ ወልዳ ተኝታለች።

«ይያዛ! ስክሪኗም የትም አትሄድ» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ።

«አንቺ!» አለች እመት ስክሪን። «የመከርሽኝ ካርቶኑ እንዳይሄድብሽ ነው እንዴ?»

«ለሱም ነው» አለች ድመቷ ልጇን እየላሰች። «ምክሩ ግን ከፋ?»

አያ አሮጌን ከጠረጴዛው ሥር አቧራው አስነጠሰው።

እመት ስክሪንም የያዘችውን ጥያቄ አወረደች፤ እንዲህ ስትልም ወሰነች፤ «ማሕደር የሙሽሮቹን ፎቶ ልታሳምር ስትመጣ ነጥቤን ሁሉ አበራለሁ። ለእናቷ ፊደል ግን ሳልጠቁር በግማሼ እቆማለሁ።»

ድመት ጥፍሯን ብትሰበስብ ወድዳ ነው፣ አጥታ አይደለም።

ተረቴ ወጣች በእግሯ፤ በሩን ግን ቀስ ብላችሁ ዝጉት፣ ግልገሎቹ ተኝተዋል።