የቋጥኙ ጥላ የዞረበት ግንቦት

አንድ ጊዜ በቆላ አገር፣ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር የምትኖር አህያ ነበረች። በታኅሣሥ ወር ወለደች። ከዚያ በፊት ሦስት ውርንጭሎች ሞተውባታልና ይህን አራተኛውን ከዓይኗ አታርቀውም ነበር።

በዚያው ሰሞን ከሩቅ ሰሜን ብርድ ሸሽቶ የመጣ ሽመላ ቋጥኙ ላይ አረፈ።

«አያ ሽመላ፣ አንተ ብዙ አገር አይተሃል» አለችው። «ልጄን ከፀሐይ የት ላስጠልለው?»

«ከቋጥኙ በስተሰሜን» አላት ሽመላ ሳያመነታ። «ፀሐይ የምትሄደው በደቡብ በኩል ነው። በአገሬም እንደዚያው ነው፤ እዚህም አሥራ አራት ጊዜ መጥቼ ሌላ አላየሁም።»

አህያ ቃል ብቻ ሰምታ የምታምን አልነበረችም። እኩለ ቀን ላይ በስተሰሜን ያረፈውን ጥላ በእርምጃ ለካችው፤ አሥራ ሁለት ሆነ። ስምንት ቀን ለካች፤ ስምንቱንም ቀን አሥራ ሁለት። ከዚያ ወዲያ መለካቱን ተወችው። ሽመላም በየካቲት ወደ አገሩ ተመለሰ።

ግንቦት ገባ። ዝናቡ ዘገየ፣ ከየካቲት ወዲህ ከልጇ ጋር ቀኑን የምትውልበት ምንጭም ደረቀ። ውሃ የሚገኘው ደርሶ መልሱ ከግማሽ ቀን በላይ ከሚወስድ ወንዝ ብቻ ሆነ። ውርንጭላው እሾህ ወግቶት እግሩ ስላበጠ ሩቅ መሄድ አይችልም። እናቱ ካልጠጣች ደግሞ ጡቷ ይነጥፋል። ጎህ ሲቀድ በስተሰሜን አስተኝታው፣ «እስክመጣ ከዚህ ንቅንቅ እንዳትል» አለችው።

ከቋጥኙ ማዶ የሚተኛው ጅብ እያዛጋ ብቅ አለ።

«እመት አህያ፣ ወደኔ በኩል፣ ወደ ደቡብ አዙሪው። በግንቦት ፀሐይ የምትዞረው በዚህ በሰሜን ነው።»

«ምሳህን ጥላ ውስጥ አስቀምጬልህ ልሂድ?»

«ምክንያቱን ብትጠይቂኝ አላውቅም። ግን ዘጠኝ ግንቦት እዚህ አሳልፌአለሁ፤ ከዚህኛው ጎን የምሸሸው ጀርባዬ ሲቃጠል ነው። መብላቱንስ እበላው ይሆናል፤ አልዋሽሽም።»

«ሽመላ ያላየውን አንተ አየህ፣ አያ ጅቦ?» ብላው ሄደች።

ሽመላ አልዋሸም። በእሱ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ እኩለ ቀን ላይ በደቡብ ናት። ወደኛ የሚመጣውም በበጋ ብቻ ነው፤ በበጋ እኛም ዘንድ በደቡብ ናት። በሚያዝያ ግን በአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ያን ጊዜ ሽመላ እዚህ አንድም ቀን ውሎ አያውቅም።

አህያ ስትመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። የቋጥኙ ሰሜን ጎን ከጧት ጀምሮ ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ እንደ ምጣድ ግሏል። ውርንጭላው እናቱ ካስተኛችው ቦታ አልተነቃነቀም። ትንፋሹ ቆሟል። ጥላው በሌላው ጎን ነበር፤ ለሚያነክስ እንኳ ሰባት እርምጃ።

አህያ ሬሳው አጠገብ ቆመች። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ባዘነበለች ቁጥር እሷም ትንሽ ትንሽ እየተንቀሳቀሰች፣ የገላዋ ጥላ ልጇ ላይ እንዲያርፍ አደረገች።

«ካሁን ወዲያ ጥላ ምን ያደርግለታል?» አላት ጅብ።

ፀሐይ ስትጠልቅ ጥላዋም ጠፋ። ያን ጊዜ ጅብ ከተኛበት ተነሣ፤ እሷም ወደ ኋላዋ ሳታይ ሄደች።

ከዚህ የምንማረው፣ ምክር ስንፈልግ መስማት ያለብን ብዙ አገር የዞረውን ወይም የምንወደውን ሳይሆን፣ የቸገረንን ወር በዚያው ቦታ ቆጥሮ ያሳለፈውን መሆኑን ነው።