ይልቃል ያልሰማው ድምፅ

አንድ በጆሮው የታወቀ ሰው ነበር። ስሙ ይልቃል ይባላል። ሆቴል የሚከፍት፣ አዳራሽ የሚሠራ ሁሉ ስፒከር ከመግዛቱ በፊት እሱን ይጠራል። ይልቃልም ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ያዳምጥና «ይሄ ይሁን»፣ «ያ ይቅር» ይላል። ቃሉን የሚሽር አልነበረም።

ይህ ሰው አምሳሉ የሚባል የልጅነት ጓደኛ ነበረው። በወጣትነታቸው አንድ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሬዲዮ ይጠግኑ ነበር። በኋላ ይልቃል ሱቁን ትቶ ወጣ። አምሳሉ ግን እዚያው ቀረና ሳጥኑን ከዋንዛ እንጨት እያበጀ የራሱን ስፒከር መሥራት ጀመረ። ዓመታት አልፈው ሥራው በከተማው ተወራ። «የአምሳሉን ሰምተሃል?» የሚል ሰው ባጋጠመው ቁጥር ይልቃል ፈገግ ይላል። በልቡ ግን «እኔ የሰው ሥራ ስመዝን ኖርኩ፤ እሱ የሚመዘን ሥራ ሠራ» እያለ ያስባል። ይህን ለማንም አልተናገረም። ለራሱም ቢሆን ቅናት ብሎ አልጠራውም።

ከዕለታት አንድ ቀን አንድ ነጋዴ የአምሳሉን ስፒከሮች ለሆቴሎቹ ሊገዛ አሰበና ሰው ሰብስቦ የማስደመጫ ዝግጅት አደረገ። ፈራጁ ይልቃል ሆነ። እህቱ ወይንሸትም አብራው መጣች።

አምሳሉ ጓደኛውን ሲያይ ሮጦ አቀፈው። «እንኳን አንተ ሆንክ! ዛሬ የማሰማህ ነገር አለኝ» አለው። ይልቃል ታቅፎ ሳለ የጓደኛውን አዲስ ሱፍ ይመለከት ነበር።

ክራር ተሰማ። ቀጥሎ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ ገባ። ይልቃል ዓይኑን ጨፈነ፤ የሚፈልገው ግን እንከን ነበር። እዚህ ጋ ሻከረ፣ እዚያ ጋ ታፈነ ይላል በልቡ። ዓይኑን ገልጦ ሰዎች በአድናቆት ራሳቸውን ሲነቀንቁ ባየ ጊዜ ደግሞ ባሰበት።

«እንዴት አገኙት?» አለ ነጋዴው።

«ይጎረብጣል» አለ ይልቃል። «የሰውዬው ጉሮሮ የተቀደደ ይመስላል። እንዲህ ያለ ድምፅ እኔ ከቤቴም አላስገባም።»

ወይንሸት እንባዋን እየጠረገች ቀና አለች። «ወንድሜ፣ ከቤትህ የማታስገባው የአባታችንን ድምፅ ነው?»

አምሳሉ አንገቱን ደፋ። «ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሱቃችን መጥተው ክራር ሲጫወቱ በካሴት የቀዳሁት ነው። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር» አለ።

ይልቃል ወደ አምሳሉ ጠጋ አለ። «እባክህ ድገመው» አለ። ተደገመ። በስንኙ መሃል አባቱ ትንፋሽ ሲስቡ ሰማ፤ አጠገቡ የተቀመጡ መሰለው። እንባውን ሳይጠርግ ወደ ነጋዴው ዞረ።

«ፍርዴን አንስቻለሁ። ከዚህ የተሻለ ሰምቼ አላውቅም።»

«የትኛውን ጆሮዎን ልመን? የቅድሙን ወይስ የአሁኑን?» አለ ነጋዴው። «እኔስ የእህትዎን እንባ አምኜ እገዛለሁ።»

ከዚያ ወዲህ ይልቃልን ለፍርድ የጠራው የለም። አምሳሉ ግን ቤቱ ድረስ ሄዶ አንድ ጥንድ ስፒከር ከነካሴቱ ሰጠው። ይልቃል ሊከፍተው ሲነሳ እስከ ዛሬ ያ በአባቱ ድምፅ ላይ የተናገረው ቃል ትዝ ይለዋል ይባላል።

ወገኖቼ፣ ቅናት ያደረበት ሰው የሌላውን እንከን ሲፈልግ ለራሱ የመጣለትን ስጦታ ረግጦ ያልፋል። የወዳጃችሁ ሥራ ሲመሰገን ሆዳችሁን ቆረጥ ካደረጋችሁ፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት አድምጡት። ለመሆኑ በቅርቡ ያጣጣላችሁት ሰው ምን ይዞላችሁ መጥቶ እንደነበር ታውቃላችሁ?