ክንፉ አልናገርም አለ

ነገር ከነገር ይያያዛል፤ እስኪ ላያይዝላችሁ። በአንድ የአውሮፕላን መፈተሻ ቤት አስካለ የምትባል እልኸኛ መሐንዲስ ነበረች። ምኞቷ ትንሽ ናት። ታናሽ እህቷ ውብዓለም አዲሱን ፈጣን አውሮፕላን ከማብረሯ በፊት፣ ክንፉ የቱ ጋ እንደሚደክም እንዲነግራት ብቻ ነው።

ክንፉን ጠየቀችው። ክንፉ፣ ደህና ነኝ፣ አልናገርም አለ።

መጫኛው ብረት ዘንድ ሄደች። ክንፉን ተጫነው፤ ክንፉ አልናገር ብሏል አለችው። ብረቱ፣ ቀዝቃዛውንማ ብጫነው ይችለኛል፤ ሰማይ ላይ ግን ከፍጥነቱ ብዛት ይግላል። ሳይግል አልጫንም አለ።

ማሞቂያ አምፖሎቹ ዘንድ ሄደች። ክንፉን አግሉት፤ ብረቱ አልጫን፣ ክንፉ አልናገር ብሏል አለቻቸው። አምፖሎቹ፣ የሚያቀዘቅዘን ውሃ ከሌለ የምንቀልጠው እኛው ነን፤ አናግልም አሉ።

ውሃው ዘንድ ሄደች። አምፖሎቹን አቀዝቅዝ፤ አምፖሎቹ አናግል፣ ብረቱ አልጫን፣ ክንፉ አልናገር ብሏል አለችው። ውሃው፣ ቁልፌ ያለው ኃላፊው ኪስ ውስጥ ነው፤ አልፈስም አለ።

ኃላፊው አቶ ልሳነወርቅ ዘንድ ሄደች። ቁልፉን ይስጡኝ፤ ውሃው አልፈስ፣ አምፖሎቹ አናግል፣ ብረቱ አልጫን፣ ክንፉ አልናገር ብሏል አለቻቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ብትላቸውም ሳቁ። ክንፉ ሳይግል ተፈትኖ አልፏል፣ ለበረራውም እንግዳ ተጠርቷል፣ አልሰጥም አሉ። አስካለ ከንዴቷ ፍርሃቷ ባሰ፤ የምትበረው እህቷ ናታ።

"እንግዲያው እኔም አልተውም" ብላቸው ወጣች።

እህቷ ዘንድ ሄደች። አትብረሪ፤ ኃላፊው አልሰጥ፣ ውሃው አልፈስ፣ አምፖሎቹ አናግል፣ ብረቱ አልጫን፣ ክንፉ አልናገር ብሏል አለቻት። ውብዓለም ሰምታ ስታበቃ አንድ ትርፍ የራስ ቁር አንሥታ ኃላፊው ቢሮ ገባች። ቁሩን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችው።

"ጠጅ ቀጂ እንኳ በመዳፏ ሳትቀምስ ለእንግዳ አትሰጥም" አለቻቸው። "የኋላው ወንበር ባዶ ነው፤ አብረውኝ ይብረሩና ይቅመሱልኝ። አለዚያ እምቢ፣ አልበርም።"

አቶ ልሳነወርቅ ቁሩን አዩት፣ አልነኩትም። እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ኪሳቸው ገባ።

ያኔ ኃላፊው ቁልፉን ሰጡ፣ ውሃው ፈሰሰ፣ አምፖሎቹ አጋሉ፣ ብረቱ ክንፉን ተጫነው፣ ክንፉም ጧ ብሎ ከሥሩ ተሰነጠቀ።

"እሰይ፣ ተናገርክ" አለችው አስካለ፤ እንባዋም መጣ። ውብዓለም ስንጥቁን እያየች የእህቷን እጅ አጥብቃ ያዘች።

ተረቴ ይኸው ነው። ሳይቀምስ የሚያቀርብ ካለ፣ የኋላው ወንበር አሁንም ባዶ ነው።