ሳጥን ውስጥ የፈሰሰው ድንጋይ

አንድ ዘርፈሽዋል የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ፤ የበደለችኝም እሷ ናት። የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ እኔ ሬዲዮዬን ስከፍት፣ እሷ ከማዶ «ከፍ አድርጊው እንጂ!» ትላለች።

ታዲያ አንድ ቀን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ፣ ሴቱ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «እሷ ደግሞ ማን አላት? ልጇም ባሏም ሬዲዮው ነው» ብላ አሳቀችብኝ። አለመውለዴን እያወቀች! እኔ ሰው ፊት አላለቅስም። ቤቴ ገባሁና ሬዲዮውን ከነባትሪ ድንጋዩ ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እስቲ አሁን ጸጥታውን ትስማ!

ከዚያ ወዲያ በር ላይ ስንገናኝ «ምን አድርጌሽ ነው ያኮረፍሽኝ?» ትለኛለች። «ምንም» እላታለሁ። ደግማ ትጠይቃለች። «ምንም አልኩሽ እኮ!» እንዲህ እያልን ዓመታት ሄዱ፤ መጠየቁንም ተወችው።

ሰሞኑን ዘርፈሽዋል ጓዟን ጠቅልላ አዳማ፣ ልጇ ዘንድ ልትገባ ነው ሲሉ ሰማሁ። ከግድግዳው ማዶ ሰው ሊጠፋ ነው። ለድምፅ እንኳ ይሁነኝ ብዬ ሬዲዮውን አወጣሁት፤ እምቢ አለ። ሬዲዮ ሠሪ ዘንድ ወሰድኩት።

ፈትቶ አየና ሳቀ። «እማማ፣ ድንጋዩ ፈሶ ነው።»

«ድንጋይ ይፈሳል እንዴ? እንቁላል አደረግኸው?»

«የሬዲዮ ድንጋይ ይፈሳል። እዚያው ውስጥ ሲቆይ ይፈስና ቦርዱን ይበላዋል።» የቦርዱ መዳብ ላይ እንደ ሻጋታ የተጋገረ አረንጓዴ ዝገት አሳየኝ። «ቀጫጭኑን መስመር ሁሉ ቆርጦታል። ከእንግዲህ አይናገርም።»

«አልወደቀ፣ ውሃ አልነካው! እንደ ዓይኔ ብሌን ነው ያስቀመጥኩት!»

«ከውጭማ አዲስ ነው እኮ። ድንጋዩን አውጥተው ቢያስቀምጡት ኖሮ ዛሬ ይዘፍን ነበር።»

ሬዲዮውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ቂም የበደለንን ሰው የሚጎዳ እየመሰለን ሆዳችን ውስጥ እንቆልፈዋለን። እሱ ግን የሚበላው ያስቀመጠውን ሰው ነው። ከውጭ ሲያዩን ደህና ነን፤ ከውስጥ ከሰው የሚያገናኘን ቀጭን መስመር እያለቀ ነው። የከፋችሁን በጊዜው ተናገሩ። «ምንም» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት የለም?

በማግስቱ ጠዋት መኪናው የዘርፈሽዋልን ዕቃ እየጫነ ሳለ ሄድኩ። አልጋዋ ወጥቷል፤ እሷ ባዶው ቤት መሃል ቆማለች።

«ዘርፌ» አልኳት፤ «ያን ቀን ለቅሶው ላይ ያልሽው ነገር አሞኛል።»