አባ ጥዑመ ልሳን የራባቸው ዕለት

«ተረት ተረት!»
«በይ አውሪልን፥ ጠጋ አልን ወደ እሳት!»

በድሮ ዘመን ነው።

«አባቴ፥ ይፍቱኝ፤ ጎረቤቴን ብርነሽን ‹ላምሽ ትንጠፍ› ብዬ ረግሜያታለሁ» ትላለች አንዲት ሴት ተንበርክካ። እንጉዳይ ትባላለች። የምታጠባው ልጅ በጀርባዋ አለ። ንስሐ አባቷ አባ ጥዑመ ልሳን ደግሞ የተማሩ ናቸው። ተራ ሰው በሚሰማው ቃል መናገር ያሳፍራቸዋል። ዓይናቸውን ጨፈኑና፦

«ልጄ ሆይ! የሰላም ርግብ በተናደው ቅጥር ላይ ትረፍ፤ መራራውም ጽዋ በማር ይለወጥ!» አሏት።

እንጉዳይ መስቀል ተሳለመችና ወጣች። ከዚያ ሁሉ የያዘችው «መራራ» የምትለዋን ብቻ ነው። ተመልሳ ብትጠይቅ፦

«ምስጢር ለሁሉ አይገለጥም» አሏት።

አፈረችና ሄደች። ከዚያም፥ መራራ ከተባለማ ጾም ነው አለችና እስከ ማታ እህል የማትቀምስ ሆነች። ወር ሞላት። ጉንጯ ሟሸሸ፤ ጡቷም ነጠፈ። ልጁ ደረቅ ጡት እየጎተተ ያለቅሳል። ከአጥር ወዲያ ብርነሽ ላሟን ስታልብ ይሰማታል። ግን በምን አፏ ትለምናት?

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት አባ ጥዑመ ልሳን እንደ ልማዳቸው ሊበሉ መጡ። ዶሮው ተሠርቶ፥ ሌማቱ ቀርቦ ይጠብቃል። ዝናቡ ይወርዳል። ደጃፍ ቆሙና፦

«ልጄ ሆይ! የአብርሃም ድንኳን ለእንግዳ ክፍት ናት!»

እንጉዳይ ገብቷታል። ግን በሩን እንደያዘች፦ «አሜን» አለች።

«የሥጋ ግንብ ያለ ምሰሶ አይጸናም!»

«አሜን፥ አባቴ።»

ወጡ ይሸታቸዋል። ካባቸው ይንጠባጠባል።

«አንቺ እንጉዳይ! ራበኝ! እንጀራ ስጪኝ!»

«እሰይ! ይኼንንም ቋንቋ ያውቁታል ለካ! እስቲ በዚሁ ይንገሩኝ፤ ንስሐዬ ምን ነበር?»

«ከብርነሽ ታረቂ ነዋ! ሌላ ምን አልኩሽ?»

እንጉዳይ ይኼን ስትሰማ ልጁን አዘለችና ሌማቱን ከነወጡ አነሳች። በአጠገባቸው አልፋ፥ ጭቃውን ተሻግራ የብርነሽን በር መታች።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፥ እንጉዳይ። በድዬሻለሁ፤ ማሪኝ። ልጄ ወተት አጣ።»

«ውይ በሞትኩት! ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የመነመንሽ? ግቢ፥ ግቢ!»

አባ ጥዑመ ልሳን ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከኋላ ደረሱ። እጃቸውን ዘረጉና፦

«ልጆቼ ሆይ! የአብርሃም ድንኳን…»

በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ።

ተረቴ አለቀ፥ ጉሮሮዬ ደረቀ። እኔ እንደሳቸው አልዞርም፦ ርቦኛል፥ ዳቦ ቁረሱልኝ።