ሥጋውን በዳቦ የለወጠው ጅብ

አንድ ጊዜ አንበሳ፣ ጅብ፣ ቀበሮና አህያ በአንድ የቆላ ሸለቆ ውስጥ ማኅበር ገብተው ይኖሩ ነበር። ቀበሮ አውሬ ያለበትን አሽትታ ትጠቁማለች፤ ጅብ አውሬው እስኪደክም ድረስ ያባርረዋል፤ አንበሳ ይጥለዋል። አህያ ደግሞ ከመንደር ዳር የተረፈ ዳቦና የተቀቀለ ድንች በጀርባዋ ታመጣለች። ለዚህ ድካሟ ከማኅበርተኛው ማንም እንዳይበላት በአንበሳ ፊት ተምሎላታል።

አደን ውለው ሲመለሱ የተገኘው ሁሉ እንደ ቅርጫ በቅጠል ላይ ይመደባል። ለእያንዳንዱ አንድ የሥጋ መደብና አንድ የዳቦና የድንች መደብ ይደርሰዋል። አህያ ሥጋ ስለማትበላ በሥጋው ፈንታ ከመንደር ያመጣችውን ባቄላና ሽምብራ ትወስዳለች።

ከዕለታት አንድ ቀን ቀበሮ የጅብን ሥጋ አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«አያ ጅቦ፣ ይቺን ነው የሰጡህ? አንተን የሚያህል ጎልማሳ በዚች ይጠግባል?»

ጅብ ሥጋውን አየ። ከዚያ የቀበሮን የዳቦ ክምር አየ። ክምሩ እጅግ ይበልጣል።

«ያንቺው ትልቅ ነው» አለ ምራቁን እየዋጠ።

«ምን ላድርግ፣ እኔ ሰውነቴ ትንሽ ነው፤ ትንሹ ይበቃኛል። ለአንተ ብዬ እንለዋወጥ።»

ጅብ ሐሳቧን እንዳትቀይር ፈርቶ ሥጋውን በአፍንጫው ገፋላት። ሁለቱንም የዳቦ መደቦች ጠራርጎ በላና «ቀበሮን አሞኘኋት!» እያለ ብቻውን ሳቀ።

ከዚያ በኋላ መለዋወጡ ልማድ ሆነ። ልብ በሉ፤ ድንቹ መርዝ አልነበረበትም፣ ዳቦውም አልሻገተም። ጥፋቱ ጅብ ከዚያ ሌላ ምንም አለመብላቱ ነው። እንደበላ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ሲነቃ ይርበዋል፤ ሲርበው ደግሞ ያንኑ ዳቦ ይፈልጋል። ሆዱ ተነፋ፣ ጭኑ ግን ሳሳ። ቀበሮ ባገኘችው ቁጥር «አማረብህ! ቦርጭ አወጣህ እኮ፤ ተመችቶሃል» ትለዋለች። እሱም ሆዱን እያሻሸ ይኮራል።

አንድ ማለዳ አጋዘን ተነሣ። ጅብ ማባረር ጀመረ፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ቁልቁለት ሳይጨርስ ጉልበቱ ከዳው። ተዘርፍጦ ማለክለክ ያዘ። አጋዘኑ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየው ሄደ።

አንበሳ ተቆጣ። «አያ ጅቦ፣ ሆድህን ሳየው ባለጠጋ ትመስላለህ፤ እግርህን ሳየው ግን ለማኝ። ዝናብ ሲጥል አውሬው ይበተናል። ከዚያ በፊት አንድ አጋዘን አባርረህ ካላደከምክ ከማኅበሩ ትወጣለህ!»

«መደቡን እኔ እይዝለታለሁ» አለች ቀበሮ ፈጠን ብላ።

በዚያው ዕለት ጅብ አፍጥጦ የአህያን ጭን ያይ ጀመር። አህያ ደነገጠች። ጅብ ከማኅበሩ ከወጣ መሐላው አይይዘውም፤ መጀመሪያ የሚበላውም እሷኑ ነው። ስለዚህ ከአንድ ገደል ማዶ ቆማ ጠራችው።

«አያ ጅቦ፣ እዚያው ሆነህ ስማኝ። እንዳትጠጋ!»

«ምን ያስፈራሻል? ማኅበርተኛ አይደለንም እንዴ?»

«ነን፤ አስተያየትህን ግን አልወደድኩትም። ለመሆኑ ሥጋህ የት ነው የሚገባው?»

«በትልቅ መደብ እለውጠዋለሁ። ቀበሮ ሞኝ ናት፤ ለማንም እንዳትነግሪ።»

«ትልቁን መደብ ከበላህ በኋላ መቼ ይርብሃል?»

ጅብ አሰበ። ማሰብ ስለማይሆንለት ጊዜ ወሰደበት። «እንቅልፌን ተኝቼ ስነቃ።»

«ሥጋህን ትበላ በነበረ ጊዜስ?»

«ያኔማ እስከ ማግስቱ አይርበኝም ነበር።»

«ታዲያ የትኛው ነው ትልቁ? እኔን እየኝ። ድንች ብቻ የበላሁ ቀን ዳገቱ ላይ ጉልበቴ ይብረከረካል። ባቄላ ወይም ሽምብራ የበላሁ ቀን ግን ጭነቴን ይዤ እወጣዋለሁ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ባቄላ ጡንቻ ይሆናል፤ ድንች ግን ጡንቻ አይሆንም።»

«እንግዲያው ዳቦ የሚባል ነገር ሁለተኛ አልቀምስም!»

«እሱን መቼ አልኩ? አንተ አንዴ ሁሉን፣ አንዴ ምንም! መጀመሪያ ሥጋህን ብላ። ከዳቦው ትንሽ ቁረስና የቀረውን ለእኔ ተውልኝ።»

ጅብ ዘሎ ተነሣ። ትልቁን ሲሻማ የኖረ አውሬ ትንሹን ሲበላ መክረሙ አንገበገበው። «ቀበሮ ትልቁን ስትወስድብኝ ነበር!» ብሎ አገሩን በጩኸት አናወጠው።

በሚቀጥለው ድልድል ቀበሮ ክምሯን ማር ቀብታ መጣች። ጅብ ማሩን አሸተተ። ፊቱን አዞረ፣ ተመለሰ፣ እንደገና አዞረ። በመጨረሻ የፊት እግሮቹን ሥጋው ላይ ጫነ።

«እመት ቀበሮ፣ ይሄ ነው ትልቁ። አልለውጥም!»

«አብደሃል? ዓይን የለህም?»

«ዓይኔን ተይውና ሆዴን ጠይቂው!»

በአንድ ቀን አልዳነም። ሮጦ ምላሱን አውጥቶ የተመለሰበት፣ ዳቦው ያማረውም ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም ከሥጋው እየጀመረ፣ ዳቦውን እየቀነሰ፣ በየቀኑ እየሮጠ ሰነበተ። ጭኑ ቀስ በቀስ ሞላ። አህያ ላይ ማፍጠጡንም ተወ።

ደመናው መጥቆር ሲጀምር ቀንደ ረጅም አጋዘን ተነሣ። ጅብ ተከተለው። ቁልቁለቱን ወረዱ፣ ደረቁን ወንዝ ተሻገሩ፣ ማዶውን ዳገት ያዙ። ቀበሮ ከጎን እየሮጠች «ደከመህ አይደል? ትንሽ አረፍ በል እንጂ!» ትለዋለች። ጅብ ሩጫውን ቀጠለ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቀበሮ ራሷ ቀረች። ጅብ ግን አልቀረም። ዳገቱ ጫፍ ላይ የአጋዘኑ ጉልበት ታጠፈ፤ አንበሳም ደርሶ ጣለው።

«ቦታህ የአንተ ነው» አለ አንበሳ። «ማንም አይነካብህም።»

ጅብ ሊያመሰግን ፈልጎ ነበር፤ አፉ ግን በፍሪምባው ተይዟል። ስለዚህ ራሱን ብቻ ነቀነቀ፤ አህያም ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቡ ቆማ ዳቦውን በላች።

ከዚህ የምንማረው ምግብን ገበታ በመሙላቱ ሳይሆን ጉልበት በመስጠቱና ረሃብን በማዘግየቱ መመዘን እንዳለብን፣ በየቀኑም ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ባቄላና ሽምብራ ሳናጓድል ዳቦውንና ድንቹን በልክ መብላት እንደሚገባን ነው።